ለነጸብራቅ ፎቶ የስቴንለስ ኳስ መግዛት ያዋጣል?

ለጓሮ ማስጌጫ ተብሎ የሚሸጠው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው የስቴንለስ ኳስ ለነጸብራቅ ፎቶ፣ ማለትም አካባቢው ኳሱ ላይ ተንጸባርቆ ለሚታይበት ፎቶ፣ በደንብ ያገለግላል። ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ እያገላበጡ ካልመረጡት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኳሱ የሚሠራው ሁለት ጎድጓዳ ግማሾችን በመበየድ ነው። ብየዳው ተሞርዶ ቢወለወልም ርካሾቹ ላይ መስመሩ ይታያል፤ እዚያ ያረፈ ምስል ይጣመማል። ሲገዙ ኳሱን መስኮት ፊት ይዘው ቀስ እያሉ ያዙሩት። የመስኮቱ ፍሬም ጎብጦ መታየቱ ያለ ነው። ኳሱ ሲዞር ፍሬሙ ከተርገበገበ ወይም ድንገት ከተሰበረ ግን ስርጉድ አለበትና ይተውት። ቀጭን የብየዳ መስመር ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ፎቶ ሲነሳ መስመሩ ከኳሱ ዙሪያ ጠርዝ ጋር እንዲገጥም ቢያዞሩት ከካሜራው ይሰወራል።

መጠኑ ላይ አይሰስቱ። ካሜራው ሁልጊዜ ኳሱ መሃል ላይ ይታያል፤ ማድረግ የሚቻለው ማሳነስ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ኳስ ከ1 ሜትር ሲያነሱ የፎቶ አንሺው ጭንቅላት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ከ2 ሜትር ሲያነሱ በግማሽ ያንሳል። 10 ሳንቲ ሜትሩን በዚያው ሌንስ ፎቶውን እኩል እንዲሞላ ሲጠጉት፣ ፎቶ አንሺው ከኳሱ አንጻር እጥፍ ገዝፎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ራቅ ብሎ በ100 ወይም በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማንሳት ነው። በስልክም ቢሆን ተጠግቶ በሰፊው ሌንስ ከማንሳት ራቅ ብሎ በቴሌፎቶው (ሩቁን በሚያቀርበው ሌንስ) ማንሳት ይሻላል።

ብዙው ፎቶ የሚበላሸው ፎከስ ላይ ነው። ምስሉ ያለው ኳሱ ገጽ ላይ ሳይሆን ከገጹ ጀርባ ነው፤ የሩቅ ነገር ምስል የሚያርፈው በገጹና በኳሱ እምብርት መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። በ20 ሳንቲ ሜትሩ ይህ ከገጹ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማለት ነው። አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ የሚያስተካክለው ፎከስ) ግን ገጹ ላይ ያለውን የጣት አሻራ ወይም አቧራውን ይይዝና ምስሉን ያደበዝዘዋል። ፎከሱን ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ቀይረው፣ ስክሪኑን አጉልተው፣ ኳሱ ውስጥ በሚታይ የሩቅ ጠርዝ ላይ ያስተካክሉ። አፐርቸሩም (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ጠበብ ይበል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራና በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1 ሜትር ሲነሳ ኤፍ 2.8 ጥርት አድርጎ የሚይዘው 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ኤፍ 8 ከ4 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ምስሉም የኳሱ ጠርዝም እንዲጠሩ ከኤፍ 11 እስከ 16 ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ሻተሩን ስለሚያዘገየው ትራይፖድ የግድ ነው።

ለዚህ ሥራ ብለው ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ መቀነሻ ማጣሪያ) እንዳይገዙ። የመስታወትንና የፕላስቲክን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ የብረት ላይ ግን እንደዚያ አይሠራም፣ ትርፉ ብርሃን መቀነስ ነው። ፍላሽም ካሜራው ላይ እንዳለ ከተተኮሰ ኳሱ መሃል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ኳሱ እንዳይንከባለል ያለቀ የፕላስተር ጥቅል ካርቶን ሥሩ ማድረግ ይበቃል፤ ጠባቡን ይምረጡ፣ ሰፊው ነጸብራቁ ውስጥ ይገባል። በነገራችን ላይ ድፍን የመስታወት ኳስ ፀሐይን አጠራቅሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የስቴንለሱ ኳስ ብርሃኑን ስለሚበትን ይህ ስጋት የለበትም።

ሲጸዳ መጀመሪያ አቧራውን እፍ ብሎ ማራገፍ፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አጥቦ በማይክሮፋይበር ማድረቅ ነው። አቧራው ሳይራገፍ ከተወለወለ ይጫጫራል፤ የብረት መፈግፈጊያማ አይታሰብም። በረኪናም አያስጠጉት፤ ስቴንለስ ቢሆንም ገጹን በጥቃቅን ጉድጓዶች ይበሳሳዋል።