ጂሜይል የባንክ አስመሳይን ምን ያህል ይለያል?

ጎንደር ውስጥ በእንግዳ ማረፊያና በአስጎብኚነት ለምንተዳደር ሰዎች ያለ ኢሜይል ሥራ የለም። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ መልእክቱ ይጎርፋል፤ አንዱ ክፍል ያዙልኝ ይላል፣ ሌላው ቀብድ ልኬያለሁ ይላል፣ በዚያ ግርግር መሀል «ከባንክዎ» የሚል ይገባል። ሂሳብዎ ሊታገድ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያረጋግጡ! ጂሜይልን የምገመግመው በዚህ ብቻ ነው።

ማጣሪያው ጎበዝ ነው። አብዛኛውን ማጭበርበሪያ ሳናየው ስፓም ውስጥ ይጥለዋል። ጉግል ከጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ ኢሜይል የሚልኩ ሁሉ አድራሻው በእርግጥ የእነሱ መሆኑን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡ ማስገደዱም ጥሩ ሥራ ነው።

ቅር የሚለኝ ስልክ ላይ ያለው አቀራረብ ነው። የላኪው ስም ጎልቶ ይታያል፣ አድራሻው ይደበቃል። ስሙን እኮ ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል! «ቱ ሚ» ከሚለው አጠገብ ያለችውን ቀስት ንኩ፣ አድራሻው ያኔ ይወጣል። ከዚያ የአድራሻውን ጫፍ፣ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን መጨረሻ እዩ። የባንኩ ስም መሀል ላይ ተሰክቶ ጫፉ ሌላ ከሆነ ላኪው ባንኩ አይደለም። ሊንኩንም ሳትከፍቱ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት የሚወስዳችሁ ቦታ ይታያል።

ኮምፒውተር ላይ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «ሾው ኦሪጅናል» የሚል አለ፤ የላኪውን አድራሻ እውነተኛነት የሚያጣሩትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉ ምርመራዎች መልእክቱ ማለፍ አለማለፉን ያሳያል። የስልኩ አፕ ላይ ይህ የለም፣ እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን የምንሠራው በስልክ ነው። ግን «ፓስ» (አልፏል) ስላለ ብቻ እንዳትዘናጉ። መልእክቱ ከዚያ አድራሻ መውጣቱን እንጂ የላኪውን ታማኝነት አይነግራችሁም። አጭበርባሪውም የራሱን አድራሻ ገዝቶ ሦስቱንም ማለፍ ይችላል።

ድሮ የተንሻፈፈ ቋንቋ ያጋልጣቸው ነበር፤ አሁን በኤአይ እያስጻፉ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ በእሱ አትተማመኑ። የይለፍ ቃል ወይም ፒን ከጠየቀ ግን አድራሻውንም ማየት አያስፈልግም፣ አጥፉት። ከማጥፋታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ በሦስቱ ነጥቦች ገብታችሁ ማጭበርበሪያ መሆኑን ለጉግል ብትጠቁሙ ለሌላውም ይጠቅማል።

ለማጣሪያው 5 ከ5፣ ለስልኩ አቀራረብ 2። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ኢሜይሉ ውስጥ ባለው ቁጥር አትደውሉ፣ እሱም የእነሱ ሊሆን ይችላል። ደንበኝነታችሁ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ከሆነ 951 አለ፣ ካልሆነም ቅርንጫፋችሁ ድረስ ሂዱ።