ጄል ፓድ፣ ስፖንጅ ወይስ የተጠቀለለ አንሶላ፦ ለኦፕራሲዮን አልጋ የቱ ይገዛ?

ደሴም ሆነ ወልድያ ለኦፕራሲዮን ክፍል ዕቃ የሚገዛ ሰው ከታካሚው ሥር ለሚገባው ድጋፍ የሚያማርጠው ከሦስት ነገር ነው።

አንሶላ ወጪ የለውም። ሲጠቀለል ግን ይጠጥራል፣ እጥፋቱ ቆዳ ላይ ይታተማል፣ ከራሰም ቆዳውን ያቆስላል። ለሲ-ሴክሽን እናት ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ገብቶ ወደ ግራ 15 ዲግሪ ያህል ለማዘንበል ይበቃል። ከክርን ሥር ግን አይግባ፤ እዚያ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው አልናር ነርቭ ከቆዳ ሥር አጥንት ላይ ተጋድሟል፣ በማደንዘዣ የደነዘዘ ሰው ደግሞ «አመመኝ» አይልም።

ስፖንጅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ፍራሽ ሻጭ በልክ ይቆርጠዋል። ለስላሳውን አይግዙ። ታካሚው ከተኛ በኋላ መዳፍዎን ከስፖንጁ ሥር ያስገቡ፤ በእጅዎና በአጥንቱ መካከል የቀረው ውፍረት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ስፖንጁ አይጠቅምም። ሽፋን የሌለው ስፖንጅ ደም ይመጥጣል፣ አይጸዳም፤ አልኮል ያለበት የቆዳ ማጽጃ ከጠጣ ደግሞ ኮተሪ (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ) ሲበራ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ውሃ በማያስገባ ሸራ ይሸፈን፣ ስፌቱም ወደ ታች ይዙር።

ጄል ፓድ፣ ማለትም ለስላሳ የጄል ትራስ፣ ጫናውን በደንብ ያሰራጫል፣ በጥንቃቄ ከያዙት ለዓመታት ያገለግላል። ግን ውድና ከባድ ነው። እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ከተማ ጠዋት ላይ እጅግ ይቀዘቅዛል፣ የደነዘዘ ሰውም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ክፍሉ ቀድሞ ይሙቅ። ከላዩ አንድ ስስ አንሶላ ይበቃል፤ ሲደራረብ የጄሉ ጥቅም ይጠፋል። ታጥፎ አይቀመጥ። መርፌ ወይም ምላጭ ከበሳው ይወገድ፣ በፕላስተር መለጠፍ መፍትሔ አይደለም።

ከመክፈልዎ በፊት ሽፋኑ ክሎሪን ይችል እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ከተጠረገ በኋላ በንጹህ ውሃ ካልታጠበ ሽፋኑ ይሰነጣጠቃል።

በጀት ካጠረ ጄሉ ለጭንቅላትና ለክርን ይሁን። ለተረከዝ የሚሸጠውን ይተዉት፤ ከባት ሥር የገባ ስፖንጅ ተረከዙን ከአልጋው ያነሳዋል፣ ጉልበቱ በትንሹ እስከታጠፈ ድረስ። እግር ተሰቅሎ ለሚሠራ ኦፕራሲዮን ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ያለው ነርቭ የእግር መስቀያው ብረት እንዳይነካው ወፍራም ስፖንጅ ያሻል፤ ሁለቱ እግሮችም በሁለት ሰው እኩል ይነሱ፣ እኩል ይውረዱ። ክንድ ከ90 ዲግሪ በላይ ከተዘረጋ ደግሞ የትኛውም ፓድ የብብትን ነርቮች ከመወጠር አያድንም።

ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይግዙ፤ አንዱ እስኪደርቅ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ነው።