የማታ እንግሊዝኛ ኮርስ፦ ለ"ትልቅ" እና ለ"ጥቂት" ሲባል ይገባበታል

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የማታ ኮርስ ነው፣ ስሙ ይቅር። አስተማሪው ሰዋስው አያነበንብም። እኛ "ትልቅ" ብለን የምንገላገለውን ፈረንጅ በስንት እንደሚከፍለው በምሳሌ ያሳያችኋል፤ ስህተት ሲሆን "ቢግ"፣ ቁጥርና መጠን ሲሆን "ላርጅ"፣ ደስታ ሲሆን ደግሞ "ግሬት"። "ረጅም"ም እንደዚያው ነው፤ ራስ ዳሸን "ሃይ" ነው፣ የጎረቤት ልጅ ግን "ቶል"።

የወደድኩት የ"ፊው" ነገር ነው። "አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ" ካላችሁ ጥቂት ጓደኞች አሉኝ፣ ደህና ነኝ እያላችሁ ነው፤ ያቺን ሚጢጢ "ኤ" ከዘለላችኋት ግን ጓደኛ የለኝም ማለት ይቻላል ብላችሁ እያለቃቀሳችሁ ነው። ለማይቆጠር ነገር "ሊትል" ይባላል፣ "ኤ" እዚያም ያው ሥራዋን ትሠራለች። (ገንዘብ ከማይቆጠሩት ነው ሲባል ክፍሉ ተንጫጫ። ታዲያ ባንክ ቤት ቆመው የሚቆጥሩት ምንድን ነው?)

ቅሬታ አለኝ። ክፍሉ ጢም ብሎ ስለሚሞላ የመናገር ተራ አይደርስም፣ የሚያድሉት ፎቶኮፒም ደብዛዛ ነው፣ ግማሹን በግምት ነው የምታነቡት። ለሥራ ኢሜይልና ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው ይግባ። ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛው ፈተና) ግን አይሆንም፣ የጽሑፍ ልምምድ ጭራሽ የለውም።