ሳይነበቡ ለቆዩ መጻሕፍቴ የተሠራ ጥረዛ፦ ባሕር ዳር

ለዓመታት ሳላነብባቸው በመደርደሪያዬ ላይ የቆዩትን መጻሕፍት ዘንድሮ ለማንበብ ስወስን፣ ዋናው እንቅፋት የሆነብኝ የጥረዛቸው መላላት ነበር፤ ገጾቹ በማጣበቂያ ብቻ የተያያዙ በመሆናቸው በገለጥኋቸው ቁጥር ይረግፉ ነበር፤ የክረምቱ እርጥበትም ሽፋናቸውን አሻግቶታል። ስለዚህ አምስቱን በገበያው አካባቢ ወደሚገኝ አነስተኛ ጥረዛ ቤት ወሰድኋቸው።

ጠራዡ አዛውንት ናቸው። አሮጌውን ሙጫ በጥንቃቄ ፍቀው ካነሡ በኋላ ገጾቹን ከጠርዛቸው በወስፌ በስተው በጠንካራ ክር ሰፏቸው፤ ጀርባቸውንም በወፍራም ጨርቅ ለበዱት። ከአምስቱ አንዱ በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ታሪኩ ከዚሁ ከጎጃም፣ ከማንኩሳ የሚነሣ ሆኖ ሳለ እስከ አሁን አለማንበቤ እጅግ ይቆጨኝ ነበር። ከ500 ገጽ በላይ ያለውን ይህን መጽሐፍ በጣና ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር እየተቀመጥሁ በሦስት ሳምንት ስጨርሰው አንዲት ገጽ እንኳ አልተነቀለችም።

ስፌቱ የውስጡን ኅዳግ ስለሚያጠብበው መጽሐፉ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፤ በሁለት እጅ መያዝን ይጠይቃል። ከቀጠሮውም ሁለት ቀን ዘግይቷል። ይህን ያህል ጥንካሬ ላገኘ ሰው ግን ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው፤ ቀሪዎቹን ሰባት መጻሕፍት በሚቀጥለው ሳምንት እወስድላቸዋለሁ።