ኮንዶሚኒየም ወይስ የማኅበር ቤት? ለድሬ ደሞዝተኛ

20/80 ኮንዶሚኒየም ስሙ እንደሚለው ነው፤ 20 በመቶውን ትቆጥባለህ፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። ዕዳው ለዓመታት ስለሚከፋፈል ደሞዝተኛ ይችለዋል። ግን ዕጣ ነው። እስኪወጣ ኪራይ መክፈል አይቀርም።

ሙቀቱስ? አቦ፣ ግንቦት ላይ የላይኛው ፎቅ አያስተኛም! ድሬ ላይ ግቢ ያለው አልጋውን አውጥቶ ውጭ ያድራል። ኮንዶሚኒየም ላይ በረንዳዋ አንድ ፍራሽ ከያዘች ተመስገን ነው። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አለ።

በማኅበር ሲሠራ ዕጣ መጠበቅ የለም፤ እንደ ቦታው ግቢም ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ብሩ ነው። ግንባታው ሳይጀመር ጠርቀም ያለ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ (እንደፈለጉ በማይወጣበት የባንክ ሒሳብ) መግባት አለበት። ከዚያ ሲሚንቶና ብረት ይጨምራል፤ አንዱ አባል መዋጮ ሲያዘገይ ሁሉም ይቆማል። ቦታውንም ማየት ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንቱን ቤት ጠራርጎ እንደወሰደ ድሬ አትረሳውም። ከወንዝ ዳር የራቀ መሬት ይሻላል።

እቁብ የሚጥሉና የሚተዋወቁ የሥራ ባልደረቦች ካሉ እኔ ለማኅበሩ አደላለሁ። በአንድ ደሞዝ ልጆች ለሚያሳድግ ግን ኮንዶሚኒየሙ ይሻለዋል፤ ምድር ቤቱ ከደረሰውማ ምን ቀረው!