ሊስትን በነፃ ለመጫወት፦ ከፔትሩቺ ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ፋይል እናውርድ?

የሀንጋሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲና ፒያኒስት የፍራንዝ ሊስትን የፒያኖ ኖታ ያለ ክፍያ ለማግኘት ከአይኤምኤስኤልፒ፣ በሌላ ስሙ ከፔትሩቺ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት፣ የተሻለ ቦታ የለም። ድረ ገጹ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሊስት የሞተው በ1886 ስለሆነ የሥራዎቹ የቅጂ መብት ካበቃ ቆይቷል፤ የድሮ እትሞቹም ስካን እየተደረጉ ገብተዋል። ድረ ገጹ ግን መጋዘን እንጂ መምህር አይደለም። የትኛው ሥራ ለማን እንደሚሆን አይናገርም፤ አንድ ርዕስ ሲከፈት ደግሞ በርካታ ፋይል ተደርድሮ ይጠብቃል። የተሳሳተውን ያወረደ ተማሪ ወራት ለፍቶ «ሊስት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተዋል። ይህ ያሳዝናል፤ ሊስት ሁለት ዓመት ያህል በወጉ ለተማረ ሰው የሚሆኑ ውብ ሥራዎች አሉትና።

ማውረዱ ራሱ አያስቸግርም። የሥራውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ መፈለግ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ የሜጋባይት መጠኑና የገጹ ብዛት ይታያል፤ ከሥሩ አርታኢው፣ አሳታሚውና የታተመበት ዓመት ተጽፏል። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያይ ከላይ ያለውን ይጫናል፤ ምርጫው ያለው ግን እዚያ ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ነው። አባል ያልሆነ ሰው ፋይሉ እስኪከፈት ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያ ውጪ የሚያጣው ነገር የለም።

ትልቁ ወጥመድ ሊስት ሥራዎቹን ደጋግሞ የሚያሻሽል ሰው መሆኑ ነው። በአንድ ስም ሁለት ሦስት የተለያየ ሙዚቃ ሊኖር ይችላል። የሚለያቸው «ኤስ» የሚለው የካታሎግ ቁጥር ነው። የፓጋኒኒ ኤቱዶች (የልምምድ ሥራዎች) የ1838ቱ ቅጂ ኤስ 140፣ የ1851ዱ ደግሞ ኤስ 141 ነው። በኮንሰርት የምንሰማው «ላ ካምፓኔላ» ያለው በሁለተኛው ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያው ቅጂ በብዙ ይከብዳል። የትራንሰንደንታል ኤቱዶችም ሦስት ቅጂ አላቸው፦ በወጣትነቱ የጻፋቸው ኤስ 136፣ እጅ የሚሰብረው ኤስ 137፣ እና ዛሬ የሚጫወተው የ1852 እትም ኤስ 139። «ኮንሶላሽንስ» ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ ሁሉም የሚወደው ሦስተኛው ቁጥር በዲ ፍላት ሜጀር ያለው ኤስ 172 ላይ ብቻ ነው። ኤስ 171ኤ ያወረደ ሰው በዚያ ቁጥር ሌላ ሙዚቃ ያገኛል።

ከእትም ሁለቱን እመክራለሁ። አንዱ ብራይትኮፕፍ የተባለው አሳታሚ ከ1907 እስከ 1936 ያወጣው ስብስብ ነው፤ ቡዞኒ፣ ባርቶክና ቪያና ዳ ሞታ ከአርታኢዎቹ መካከል ናቸው። ጽሑፉ ይታመናል፤ የጣት ቁጥር (የትኛው ጣት የትኛውን ኖታ እንደሚመታ የሚያሳይ) ግን እምብዛም የለውም። ሌላው ኤሚል ፎን ሳወር ለፔተርስ አሳታሚ ያዘጋጀው ነው። ሳወር ቫይማር ላይ ሊስት ዘንድ የተማረ ፒያኒስት ስለሆነ የጣት ቁጥሮቹ ከመድረክ የመጡ ናቸው። ሁለቱንም አውርዶ ኖታውን ከብራይትኮፕፍ፣ ጣቱን ከሳወር መውሰድ ነው። ስካኑ የደበዘዘበት ቦታ ናቹራል ሻርፕ መስሎ ይታያል፤ ጆሮ የማይቀበለው ኖታ ሲገጥም ልምምድ ከመቀጠል በፊት በሌላው ፋይል ማመሳከር ያስፈልጋል። ስህተት አንዴ እጅ ውስጥ ከገባ ለማውጣት ከመማሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ከየት ይጀመር? «ኑአዥ ግሪ»፣ ኤስ 199። በ1881 የተጻፈ፣ 48 ባር ብቻ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሙዚቃ ነው። ቀኝ እጅ ብቻውን ይጀምራል፤ ቀጥሎ ታች ቤዝ ላይ ትሬሞሎ (ሁለት ኖታ በፍጥነት እየተፈራረቀ የሚመታበት) ይመጣል። ተማሪዎች ትሬሞሎውን በጣት ጉልበት ሲያደርጉት ክንዳቸው ይደነድናል፣ ድምፁም ይጮኻል። ጣቶቹ ከቁልፉ ሳይርቁ ክንዱን ከክርኑ ጀምሮ እንደ በር እጀታ ማዞር ነው፤ ድምፁ ወዲያው ይለሰልሳል። መጨረሻው ሳይፈታ የሚቀር ኮርድ ነው፤ ስህተት መስሎት የሚያስተካክለው ሰው አለና እንዳለ ይተው። ከዚህ ቀጥሎ የ«ኮንሶላሽንስ» የመጀመሪያው ቁጥርና ለልጅ ልጁ ለዳንየላ የሰጣት «የገና ዛፍ» (ኤስ 186) ውስጥ ያሉት የመጀመሪያ መዝሙሮች ይመቻሉ። «የገና ዛፍ» 12 ቁራጮች አሉት፤ ለምን እንደተረሳ አይገባኝም።

ለመካከለኛ ተጫዋች የሚመጣው ሦስተኛው «ኮንሶላሽን» ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ከሊስት የፒያኖ አጻጻፍ ብዙው ነገር በዚህ አጭር ሥራ ውስጥ አለና። ግራ እጅ ሦስት ሦስት ኖታ እየፈሰሰ ቀኝ እጅ በአንዳንድ ቦታ ሁለት ሁለት ይዘምርበታል። በግምት የሚጫወተው ሰው ቀኝ እጁን ወደ ሦስት ይጎትተዋል፣ ዜማውም ይንከላወሳል። አንዱን ምት ወደ ስድስት ከፍሎ መቁጠር ነው፦ ግራ እጅ በ1፣ በ3 እና በ5፤ ቀኝ እጅ በ1 እና በ4። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ፣ ከዚያ ፒያኖው ላይ በአንድ ኖታ ብቻ፣ ከዚያ እውነተኛውን ኖታ።

ሁለተኛው ጣጣ ፔዳል ነው። ታች ያለው ዲ ፍላት ለብዙ ባር መሰማት አለበት፤ ከላይ ግን ኮርዱ ይቀያየራል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሳ ቤዙ ይጠፋል፤ ካልተነሳ ሁሉም ይደፈርሳል። የተለመደው መፍትሔ እግርን በትንሹ ብቻ ከፍ አድርጎ መልሶ መርገጥ ነው። ሦስተኛ (መካከለኛ) ፔዳል ባለው ግራንድ ፒያኖ ወይም በደህና ዲጂታል ላይ ሌላ መንገድ አለ፤ ሊስት ራሱ በ1883 ለፒያኖ ሠሪው ለስታይንዌይ ሲጽፍ ለዚህ ፔዳል ምሳሌ ካደረጋቸው አንዱ ይህ ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ዲ ፍላቱን መምታት፣ ጣት ከቁልፉ ሳይነሳ መካከለኛውን ፔዳል መርገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀኙን መርገጥ። የቀኙ ከቀደመ መካከለኛው ፔዳል ኖታውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። በግድግዳ ፒያኖዎች ላይ መካከለኛው ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ መቀነሻ ስለሆነ ለዚህ አይሠራም።

ሦስተኛው «ሊበስትራውም» (ኤስ 541፣ 1850) የሚከብደው ሰው በሚፈራው ቦታ አይደለም። ሁለቱ ካዴንዛዎች (ነፃና ፈጣን የጌጥ ምንባቦች) በቡድን በቡድን ተቆርጠው ሲጠኑ ይወጣሉ። የሚከብደው መግቢያው ነው፤ ዜማው መሐል ላይ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ አብዛኛውም በአውራ ጣት ነው። ዜማውን ብቻ፣ በዚያው በመጨረሻ በሚጫወተው ጣት መለማመድ፤ ቀጥሎ ቤዝ መጨመር፤ አርፔጂዮው (ኖታዎቹ አንድ በአንድ የሚመቱት ኮርድ) መጨረሻ ይግባ፣ የሚሰማ እስከማይመስል ድረስ ቀስ ብሎ። ድረ ገጹ ላይ «አሬንጅመንት» በሚለው ክፍል የሌሎች ሰዎች ማስተካከያዎች አሉ፤ ዋናውን የሚፈልግ ሰው እዚያ አይግባ።

ከዚያ በላይ «ኡን ሶስፒሮ» አለ፤ ዜማው በሦስተኛ መስመር ላይ ለብቻው ሲጻፍ የኖታው ጭራ ወደ ላይ ከሆነ ቀኝ እጅ፣ ወደ ታች ከሆነ ግራ እጅ ይመታዋል። «ላ ካምፓኔላ» ደግሞ ዝላይ ነው፤ እጁ ቀድሞ ደርሶ ቁልፉን ይንካ፣ ይቁም፣ ከዚያ ይምታ። በፍጥነት መጀመር ስህተቱን ማጥናት ይሆናል። ክንድ ላይ ሕመም ከተሰማ ልምምዱ በዚያው ይቁም።

61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለሊስት አይበቃም፤ ቤዙ ይጎድላል። 88 ቁልፍና ክብደት ያለው ዲጂታል ዝቅተኛው ነው። ለኅትመት የድሮዎቹ እትሞች ከኤ4 ይሰፉ ስለነበር ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሰጡ ነጩ ጠርዝ ተቆርጦ ኖታው ገጹን እንዲሞላ፣ በግራጫ ሳይሆን በጥቁርና ነጭ እንዲታተም መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መስመሮቹ ይጠቡና ዓይን ያደክማሉ። 80 ግራም ወረቀት በሁለት ገጽ ሲታተም የጀርባው ኖታ ያሳልፋል፤ 100 ግራም ይሻላል።

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ አንድ ነው፤ የ1853ቱ ቢ ማይነር ሶናታ። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድና ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሥራ ስለሆነ የአሳታሚው የሄንለ ወይም የቡዳፔስቱ አዲስ እትም ዋጋውን ያወጣል። ለቀረው ሁሉ ነፃው ፋይል፣ ቁጥሩና አርታኢው ከታየ፣ ይበቃል።