የድሬዳዋ መንገድ ዳር የኒም ችግኝ፦ ለግቢ ጥላ ያዋጣል?

ያዋጣል፣ መምረጥ ለሚችል ገዢ። ኒም የድሬዳዋን ሙቀትና ጥም የሚችል የጥላ ዛፍ ነው። ችግሩ ያለው የችግኝ ሻጩ መደብ ላይ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው ሁለት ሜትር የደረሰውን ነው። ቁመቱ ያማልላል፤ ሥሩ ግን ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ ከርሞ ተጠማዟል። እንዲህ ያለው ለጊዜው ያምራል፣ ሥሩ ወደ ጎን ስለማይዘረጋ ግን ኋላ ነፋስ ይጥለዋል። ግማሽ ሜትር ገደማ ሆኖ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለው ይሻላል። ሜሊያ የሚባል ኒምን የሚመስል ሌላ ዛፍም ኒም ተብሎ ይሸጣል። ቅጠሉን ይዩ፦ ኒም በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቅጠሎች አሉት፤ የሜሊያ ዘንግ ግን እንደገና ወደ ትናንሽ ዘንጎች ይከፋፈላል። ሜሊያ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ፍሬውም መርዛማ ስለሆነ ልጅ ላለበት ግቢ አይሆንም።

ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በደቡብ በኩል ትከል» የሚለው ምክር የአውሮፓ ነው። እዚህ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ በቀትር ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ታልፋለች፣ የምትጠልቀውም በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ያለው ግድግዳ ይቅደም፤ ብሎኬቱ ከሰዓት የጠጣውን ሙቀት ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ይተፋዋል። ዛፉ ከግድግዳው 4 እስከ 5 ሜትር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይራቅ።

የመትከያው ጉድጓድ በሁሉም ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሦስት እጅ የላይኛውን አፈር ከአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለው ይመልሱ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። «ራሱ ይበሰብሳል» ቢሉዎት አይመኑ። የግንዱ አንገት ከመሬት እኩል ይሁን፣ አይቀበር። በየቀኑ አንድ ጆግ ከማፍሰስ በሳምንት ሁለቴ 15 ሊትር ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን ኒምን ይገድለዋል።

ግቢውን ሲሚንቶ የሚያለብስ ሰው በግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር ክፍት ይተው። ዛፍ የሚያቀዘቅዘው በጥላው ብቻ ሳይሆን በቅጠሉ በሚያተነው ውሃ ጭምር ነው፤ ሲጠማ ያንን ያቆማል።

ጥላው ግድግዳው ላይ ለመድረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያው ግድግዳውን ነጭ ኖራ ይቀቡት።